ቅርጽ ይቅደም ወይስ ነፃነት?

የመከራከሪያ ሐሳብ፦ ተማሪ እንዳሻው ከመጻፉ በፊት መግቢያ፣ ሐተታና መደምደሚያ ያለውን የድርሰት ቅርጽ ጠንቅቆ መማር አለበት።

ደጋፊ፦ «የፈለጋችሁትን ጻፉ» ተብሎ ባዶ ወረቀት የተሰጠው ተማሪ የክፍለ ጊዜውን አጋማሽ የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር ሲጽፍና ሲሰርዝ ያሳልፈዋል። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአንጾኪያው የንግግር ጥበብ መምህር አፍቶንዮስ ያዘጋጃቸው 14 የጽሕፈት ልምምዶች፣ ከተረት ተነሥተው ደረጃ በደረጃ ስለ ሕግ እስከ መሟገት የሚዘልቁ ሲሆኑ፣ ለብዙ መቶ ዓመታት ተማሪ ሲቀረጽባቸው ኖሯል። ከዚህም ሌላ ቅርጽ የያዘ ድርሰት ለማረም ይቀላል።

ተቃዋሚ፦ እውነቱ በመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ወጣ! የሚቀለው ለማን ነው? «ለዚህ ሦስት ምክንያቶች አሉ» ብሎ እንዲጀምር የተገደደ ተማሪ ሁለት ብቻ ሲኖሩት ሦስተኛውን ይፈጥራል፤ አራሚውም ሦስት ቆጥሮ ሙሉ ማርክ ይሰጠዋል። አሜሪካዊው የጽሕፈት መምህር ፒተር ኤልቦው እ.ኤ.አ. በ1973 ተማሪ ለ10 ደቂቃ ያህል ሳያቋርጥና ሳያርም እንዲጽፍ የመከረው፣ እየጻፉ መታረም ሐሳብን ገና ሳይወለድ ስለሚያስቀር ነው።

ደጋፊ፦ ከጻፍኩት ሁሉ አንዲት መስመር መዝዞ መሳለቅ ክርክር ከተባለ፣ ይሁን። እርማትን ያነሣሁት የደብተር ክምር ታቅፎ የሚያመሽ መምህር ምን እንደሚመስል ስለማውቅ ነው። የጠቀሱት ኤልቦውም ቢሆን ረቂቁ ኋላ ይታረም ይላል፤ ታዲያ ተማሪው በምን መለኪያ ያርመው?

ተቃዋሚ፦ የመምህርን ድካም አልናቅሁም፤ ለማረም እንዲመች ተብሎ ልጅ ሲቀጣ ግን ዝም አልልም። ስለ አያቱ ሞት የጻፈ ተማሪ፣ በወረቀቱ ጠርዝ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «መደምደሚያ የለውም» ተብሎ ሁለት ማርክ ተቀንሶበት ሲመለስለት፣ በሚቀጥለው ጊዜ ስለ ምን የሚጽፍ ይመስልዎታል? ስለ ንጽሕና ጥቅም ይጽፋል፤ ያ ለማረም ይቀላል።

ደጋፊ፦ ያ አራሚ እኔ አይደለሁም፤ እንዲህ መፈረጄም አሳዝኖኛል። እኔ ብሆን በዚያው ጠርዝ ላይ «ከቀብሩ ስትመለሱ ቤቱ እንዴት ነበር?» ብዬ እጠይቀዋለሁ። ይህን ለመጠየቅ የምችለው ግን ጽሑፉ የት ላይ እንደተቋረጠ ስለሚታየኝ ነው፤ ተማሪውም ራሱ እንዲያየው ቅርጽን ማወቅ ይኖርበታል።

ተቃዋሚ፦ እንግዲህ መጀመሪያ ልጁ ጻፈ፣ ከዚያ እርስዎ ጠየቁ። ቅርጹ ከኋላ መጣ ማለት ነው። የመከራከሪያው ሐሳብ ግን «ከመጻፉ በፊት» ይላል።

ደጋፊ፦ «እንዳሻው ከመጻፉ በፊት» ነው የሚለው። ሲጠቅሱ አይቁረጡ። ደግሞስ ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ ስለ እርማት ብቻ ሲጽፉ የቆዩት እርስዎ፣ የመከራከሪያው ሐሳብ ዛሬ ትዝ አለዎት? ስለ 14ቱ ልምምዶች መልስዎን እየጠበቅሁ ነው።