የሆስቱን ራም የያዘው ካሽ፦ ይገደብ ወይስ አይነካ?

ለክርክር የቀረበው 128 ጊጋባይት ራም ያለው የፕሮክስሞክስ ሆስት ነው፤ ፕሮክስሞክስ በአንድ ማሽን (ሆስት) ላይ ብዙ ቨርቹዋል ማሽኖችን (ቪኤሞችን) የሚያስኬድ ሥርዓት ነው። በስሪት 7 ተጭኖ በኋላ ወደ 8 ተሻሽሏል፤ ዲስኮቹ በዜድኤፍኤስ (የፋይል ሲስተምና የዲስክ አስተዳዳሪ) ሚረር፣ ማለትም አንዱ የሌላው ቅጂ ሆኖ፣ ተጣምረዋል። ዐሥር ቪኤሞች አሉት፤ ለሁሉም የተመደበው ሲደመር 80 ጊጋ ነው። ዘጠኙ ብቻ በርተው ሳለ የአስተዳደር ገጹ «94 በመቶ ተይዟል» ይላል። ሰኞ ጠዋት ዐሥረኛው ሲበራ የዳታቤዙ ቪኤም በድንገት ጠፋ። ዐሥረኛው ጂፒዩ (የግራፊክስ ካርድ) በቀጥታ የተሰጠውና 24 ጊጋ የሚወስድ ሲሆን፣ የጠፋው ደግሞ 16 ጊጋ የያዘ ነበር። ከዚያ በፊት የሜሞሪ አያያዝን የሚያሳየው የ«ፍሪ» ትእዛዝ ያወጣው በጊጋ ሲቀመጥ፦ ጠቅላላ 125፣ የተያዘ 118፣ ባዶ 3፣ በፈርና ካሽ 4፣ «አቬይለብል» (ለአዲስ ፕሮሰስ ሊሰጥ የሚችል) 5።

ይገደብ ባይ፦ ከመከራከራችን በፊት ሒሳቡን እንዝጋ። የቪኤሞቹን ፕሮሰሶች በ«ፒኤስ» ትእዛዝ አውጥተን «አርኤስኤስ» (እያንዳንዱ በእውን የያዘው ራም) የሚለውን ዓምድ ስንደምር 52 ጊጋ ነው። ከ118 ሲቀነስ 66 ይቀራል። ለከርነሉ (የሥርዓቱ እምብርት) እና ለሆስቱ አገልግሎቶች አራት ያህል ብንሰጥ 62 ጊጋ ባለቤት አልባ ሆነ። ብዙ ሰው እዚህ ሲደርስ «ሜሞሪ ሊክ ነው» (አንድ ፕሮግራም የያዘውን አልለቅም ብሏል) ብሎ ቪኤሞቹን አንድ በአንድ ማጥፋት ይጀምራል። ከዚያ በፊት ግን «ሜምኢንፎ» የሚባለውን ፋይል ከፍቶ ሦስት ነገር ማየት ይበቃ ነበር፦ ቀድሞ የተያዘ ሂዩጅ ፔጅ (በትልልቅ ቁራጭ የተመደበ ሜሞሪ) አለ ወይ፣ «ሽሜም» (ፕሮሰሶች የሚጋሩት) አብጧል ወይ፣ ስላቡ (ከርነሉ ለራሱ የሚይዘው) ከጥቂት ጊጋ አልፏል ወይ። እዚህ ሆስት ላይ ሦስቱም ንጹሕ ናቸው።

የቀረው ዜድኤፍኤስ ነው። የሊኑክስ ፔጅ ካሽ (ከዲስክ የተነበበውን ራም ላይ የሚያቆየው) ቢሆን ኖሮ በፈርና ካሽ በሚለው ዓምድ ይታይ ነበር፤ እዚያ ያለው 4 ጊጋ ብቻ ነው። ዜድኤፍኤስ ግን አርክ የሚባለውን የራሱን ካሽ ከፔጅ ካሹ ውጭ ስለሚይዝ፣ «ፍሪ» እንደማንኛውም የተያዘ ሜሞሪ ይቆጥረዋል፤ «አቬይለብል» ውስጥም አያስገባውም። «አርክስታትስ» የሚባለውን ፋይል ስንከፍት «ሳይዝ» 62፣ «ሲ ማክስ» 62.8 ይላል። አርክ ጣሪያውን ነክቷል ማለት ነው። ጣሪያው ከየት መጣ? እስከ ዜድኤፍኤስ 2.2 ድረስ በሊኑክስ ላይ የሚሠራበት ልማድ የራሙ ግማሽ ነው። ከፕሮክስሞክስ 8.1 ጀምሮ አዲስ ሲጫን ጫኚው 10 በመቶ፣ ቢበዛ 16 ጊጋ ብሎ ይጽፋል። ይህ ሆስት ግን ተሻሻለ እንጂ እንደ አዲስ አልተጫነም፤ ማሻሻያ ደግሞ ያንን መስመር አይጽፍልህም።

እንግዲህ 80 ሲደመር 62 ሲደመር 4 መቶ አርባ ስድስት ነው። ለ125 ሰው በተጣለ ድንኳን 146 ሰው ተጠርቷል፤ እስካሁን ያልተጣበበው ሁሉም ስላልመጣ ነው።

አይነካ ባይ፦ በሒሳቡ አልከራከርም፤ ጥሩ ዘግተኸዋል። ድንኳኑን ካነሳህ ግን በላ ልበልሃ። ከተጠሩት ውስጥ 62ቱ «ባለ መብቱ ሲመጣ ተነሡ» ተብለው የተቀመጡ ናቸው። ካሽ ማለት ይኸው ነው። ቦታው ባዶ ሆኖ ቢያድር የሚጠቀም የለም፤ ተይዞ ሲያድር ግን ዐሥር ቪኤሞች ዲስክ ከመንካት ይድናሉ። ደቂቃ ውስጥ 7,200 ጊዜ የሚሽከረከር ዲስክ የተበታተነ ንባብ ሲታዘዝ በሰከንድ መቶ ምናምን ጊዜ ቢመልስ ነው።

ደግሞ አርክን እንደ ተራ ካሽ አትቁጠረው። ዛሬ አንዴ የተነበበውንና ደጋግሞ የሚነበበውን ለይቶ ይይዛል፤ ስለዚህ የሌሊቱ ባክአፕ ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር ሲያነብ፣ ጠዋት የሚፈለገውን ጠራርጎ አያስወጣም። ዳታው በዲስክ ላይ በኤልዚ4 ተጨምቆ ከሆነ አርክም እንደተጨመቀ ይይዘዋል፤ የ62 ጊጋው ይዘት ከ62 በላይ ነው። ከአንድ ቴምፕሌት በሊንክድ ክሎን (መነሻውን ዳታ እየተጋሩ) የተባዙ ቪኤሞች ካሉህ፣ የጋራው ብሎክ ለሁሉም አንድ ጊዜ ብቻ ይቀመጣል። ይህንን ሁሉ ቆርጠህ ለምን ትጥላለህ? ገጹ ላይ ያለው መስመር ቀይ ስለሆነ?

ይገደብ ባይ፦ ቀዩን መስመር ተወው። የከርነሉን ሎግ አንብብ። ሰኞ ጠዋት «አውት ኦፍ ሜሞሪ» (ሜሞሪ አልቋል) ብሎ የኬቪኤም ፕሮሰስ፣ ማለትም ቪኤም የሚያስኬደውን፣ ገድሏል። ጂፒዩ በቀጥታ የተሰጠው ቪኤም እንደሌሎቹ ቀስ እያለ አይበላም፤ ካርዱ ማንኛውንም አድራሻ ሊጽፍበት ስለሚችል፣ ሲነሣ 24ቱንም ጊጋ ወዲያው ይዞ ይቆልፋል። ፍላጎቱ በሰከንዶች ውስጥ ነው የሚመጣው። «አቬይለብል» 5 ነበር። አርክ ጥቂት ለቀቀ፤ አዲሱ ገና 11 ጊጋ ላይ ሳለ ከርነሉ ተስፋ ቆረጠና ትልቁን ፕሮሰስ መታ። ትልቁ ደግሞ ያ ምስኪን ዳታቤዝ ነው። ያንተ እንግዳ ተነሥ ሲባል ይነሣል፤ ግን ጫማውን እስኪያጠልቅ ሌላው ሞተ።

ሌላም አለ። ፕሮክስሞክስ 8 የሆስቱ ራም ከ80 በመቶ ሲያልፍ ባሉኒንግ የተፈቀደላቸውን ቪኤሞች ሜሞሪ መቀነስ ይጀምራል። አርክ እንደተያዘ ስለሚቆጠር፣ ሆስቱ ሁልጊዜ ከ80 በላይ ነው። ቪኤሙ ውስጥ ያለው ካሽ እየተጨመቀ፣ ከውጭ ያለው ካሽ ይወፍራል። ኬኤስኤምም (ተመሳሳይ የሜሞሪ ቁራጮችን፣ ማለትም ፔጆችን፣ የሚያዋሕደው የከርነል ክፍል) በዚሁ ምክንያት ይነቃና ተመሳሳይ ፔጅ ፍለጋ ሲፒዩውን ሲበላ ይውላል።

አይነካ ባይ፦ የባሉኒንጉን እሰጥሃለሁ፤ ግን መድኃኒቱ እዚያው ቪኤሙ ላይ ነው። የሜሞሪውን ዝቅተኛና ከፍተኛ መጠን እኩል አድርግ፣ ወይም ለዳታቤዙ ባሉኒንጉን ጨርሶ አጥፋው።

ስለ ሰኞው ግን ሎጉን እስከ መጨረሻ አላነበብከውም እላለሁ። አርክ ለመልቀቅ እምቢ አላለም፤ በሩ ጠባብ ነው። «ዜድኤፍኤስ አርክ ሽሪንከር ሊሚት» የሚባል ፓራሜትር አለ፤ እዚህ ሆስት ላይ እንደ ልማዱ 10,000 ፔጅ ነው። በተግባር ለአንድ የሜሞሪ ጥያቄ 160 ሜጋ ገደማ ይለቃል ማለት ነው። የተቀመጠውም በበጎ ምክንያት ነው፤ ፕሮሰሱ አርክ እስኪያራግፍ ብዙ እንዳይቆም። እንዲህ በድንገት 24 ጊጋ ለሚጠይቅ ሆስት ግን አይሆንም። ወደ 0 አውርደው፤ ገደቡ ይነሣል። ጣሪያውን ዝቅ ከማድረግ በሩን አስፋ።

ይገደብ ባይ፦ በሩን ማስፋቱ ጥሩ ነው፤ እኔም አደርገዋለሁ። ግን ከ0 በኋላ አንድ ግፊት ሲመጣ አርክ ከሚገባው በላይ ሊራገፍ ይችላል። አንተ ራስህ የምታሞግሰው የሞቀ ካሽ በአንድ የቪኤም መነሣት ይፈርሳል። የታወቀ ጣሪያ የሚሻለው ለዚህ ነው።

«አይነካ» ማለት ደግሞ ባለበት ይቆያል ማለት አይደለም። በዜድኤፍኤስ 2.3 የሊኑክስ ልማድ ተቀይሯል፤ ጣሪያው በዚህ ሆስት ላይ ከጠቅላላው ራም አንድ ጊጋ ብቻ የሚያንስ ይሆናል። ፕሮክስሞክስ 9 የሚመጣው ከ2.3 ጋር ነው። ምንም ሳትጽፍ አሻሽል፤ 62 የነበረው 124 ይሆናል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ለ16 ጊጋ ቁጥሩ በባይት 17179869184 ነው። መጀመሪያ በሲስ ሥር ባለው የዜድኤፍኤስ ፓራሜትሮች ማውጫ ውስጥ «ዜድኤፍኤስ አርክ ማክስ» ላይ ጻፈው፤ ወዲያው ይያዛል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው «አልሠራም» ይላል፤ ምክንያቱም ከአሁኑ መጠን በታች ስትጽፍ የሜሞሪ ግፊት እስኪመጣ ድረስ አርክ አይቀንስም። ሥራ በሌለበት ሰዓት አንድ ጊዜ ብቻ «ሲንክ» ብለህ (ያልተጻፈውን ዲስክ ላይ አስጽፈህ) «ድሮፕ ካሽስ» በሚባለው የከርነል ፋይል ላይ 3 ጻፍ፤ ይወርዳል። አንድ ጊዜ ብያለሁ! በየሰዓቱ በክሮን የሚያደርጉት አሉ፤ እነሱ ካሹን ጥለው ዲስኩን የሚቀጡ ናቸው። እንዲጸና ደግሞ ያንኑ ቁጥር በሞድፕሮብ ማውጫ «ዜድኤፍኤስ ዶት ኮንፍ» ውስጥ አስገባ። ሩት ፋይል ሲስተሙ ራሱ ዜድኤፍኤስ ከሆነ ኢኒትራምኤፍኤሱን (ሆስቱ ሲነሣ መጀመሪያ የሚጫነውን ጥቅል) ለሁሉም ከርነል እንደገና ሥራ፤ ይህን የዘለለ ሰው ከሪስታርት በኋላ 62ን መልሶ ያገኘዋል።

አንድ ወጥመድ ልጨምር። የአርክ ዝቅተኛ ወሰን በልማድ የራሙ ሠላሳ ሁለተኛ እጅ ነው። እዚህ 4 ገደማ ስለሆነ አያስቸግርም። 512 ጊጋ ባለው ሆስት ላይ ግን ወደ 16 ስለሚጠጋ፣ ጣሪያውን 8 ብትለው ዝም ብሎ ችላ ይልሃል፤ ዝቅተኛውን አስቀድመህ ማውረድ አለብህ።

አይነካ ባይ፦ የ2.3ቱን አላነሣሁም፤ ልክ ነህ፣ ለእሱ መልስ የለኝም። ጣሪያ ይጻፍ። ግን 16 ከየት መጣ? ጫኚው የጻፈው ቁጥር ስለ ሆስቱ ምንም ለማያውቅ ሰው የተጻፈ ነው። ራሱ ፕሮክስሞክስ እንደ መነሻ የሚሰጠው ሌላ ሒሳብ አለ፦ 2 ጊጋ፣ በዚያ ላይ ለእያንዳንዱ ቴራባይት ማከማቻ 1 ጊጋ። ያም መነሻ እንጂ ልክ አይደለም። ያንተኑ ደብተር ልጠቀም፦ 80 ለቪኤሞች፣ 4 ለሆስቱ፣ 32 ለአርክ፤ 116። ዘጠኝ ይተርፋል። ለምን ሌላ 16 ትወስድብኛለህ?

ይገደብ ባይ፦ ዘጠኙ ዘጠኝ ስላልሆነ። የኬቪኤም ፕሮሰስ ከተመደበለት ራም በላይ ለራሱ ይይዛል፤ ለእያንዳንዱ ጥቂት መቶ ሜጋ፣ በዐሥር ሲባዛ ጊጋዎች ነው። ዊንዶውስ ያለበት ቪኤም ደግሞ ሲነሣ ሜሞሪውን ሁሉ ስለሚነካ «ያልተጠቀመበት አለ» ብለህ አትተማመንበትም። ቀሪው ሲያልቅ ከርነሉ ወደ ስዋፕ (ራም ሲጠብ ዲስክ ላይ የሚጠቀምበት ቦታ) ይሄዳል፤ ስዋፑ ዚቮል (ዜድኤፍኤስ እንደ ዲስክ የሚያቀርበው ክፍል) ላይ ከሆነ፣ ሜሞሪ ለማስለቀቅ ሜሞሪ የሚጠይቅ ዑደት ውስጥ ገብቶ ሊደርቅ ይችላል።

ንባቡ ካሳሰበህ ለዳታቤዙ ዚቮል ብቻ «ፕራይመሪ ካሽ»ን (አርክ ምን እንደሚይዝ የሚወስነውን) ወደ «ሜታዳታ» (ዳታውን ሳይሆን መዝገቡን ብቻ) ለውጠው። ዳታቤዙ የራሱ በፈር አለው፤ አንዱን ብሎክ ሁለት ቦታ ማስቀመጥ ብክነት ነው።

አይነካ ባይ፦ እሱን አታድርግ። በስሪት 7 የተፈጠሩ ዚቮሎች በልማድ ባለ 8 ኪሎባይት ብሎክ ናቸው፤ መጠኑም ከተፈጠሩ በኋላ አይቀየርም። ቪኤሙ 4 ኪሎ ሲጠይቅ 8 ይነበባል፣ ግማሹ ይጣላል፣ ቀጣዩ 4 ሲጠየቅ ያው ብሎክ ከዲስክ እንደገና ይነበባል። ድርብ ካሽ አጠፋሁ ብለህ ድርብ ንባብ ትገዛለህ።

ድርብ ካሽ በእውነት የሚያስቸግረው ሌላ ቦታ ነው፤ የቪኤሙ ዲስክ በኢኤክስቲ4 (ሌላ ፋይል ሲስተም) ላይ ያለ የኪውካው2 (የቪኤም ዲስክ) ፋይል ሆኖ፣ የዲስኩ ካሽ «ራይትባክ» (የሚጻፈውን ራም ላይ አቆይቶ በኋላ የሚያወርድ) ሲሆን። ያኔ የሚያብጠው በፈርና ካሽ ነው፤ «አቬይለብል» ግን ከፍ ያለ ስለሚሆን ማንንም አያስገድልም። ፕሮክስሞክስ በልማዱ «ካሽ የለም» ስለሚል እዚህ ውስጥ የሚገባው ሰው ራሱ መርጦ ነው።

ይገደብ ባይ፦ አያስገድልም፤ ያስቆማል ግን። ያልተጻፈው ዳታ ከነፃና ከሚለቀቅ ሜሞሪ 20 በመቶ እስኪደርስ ይጠራቀማል። ትልቅ ራም ባለው ሆስት ያ በዐሥር ጊጋዎች ይቆጠራል። በቀርፋፋ የዩኤስቢ ዲስክ ላይ ባክአፕ ስትጽፍ ወሰኑ ሲነካ ጻፊው ሁሉ ቀጥ ይላል። በመቶኛ ፋንታ በባይት ወስነው። በየጊዜው መብራት በሚጠፋበት አገር ደግሞ ያን ሁሉ ራም ላይ ማንጠልጠል ድፍረት ነው።

አይነካ ባይ፦ በባይት መወሰኑን እስማማለሁ። የመብራቱን ግን አስተካክል፦ «ራይትባክ» ከቪኤሙ የሚመጣውን የፍለሽ (አሁኑኑ ዲስክ ላይ ጻፍ የሚል) ትእዛዝ ያከብራል፤ ዳታቤዙ «ተጽፏል» የተባለለት ዲስክ ላይ ነው። ፍለሹን የማያከብረው «አንሴፍ» የሚባለው ነው፤ እሱን ሲስተም ስትጭን ካልሆነ አትንካው።

ወደ 16 እና 32 እንመለስ። የሂት (የተጠየቀው ካሽ ውስጥ የተገኘበት) መጠን በመቶኛ አታሳየኝ፤ 97 በመቶ የሚል ቁጥር ካሹ በግማሽ ቢቀነስ ምን እንደሚሆን አይናገርም። አርክ ያስወጣቸውን ብሎኮች ስም ለጊዜው ይዞ ይቆያል፤ እንደገና ሲጠየቁ «ኤምአርዩ ጎስት ሂትስ» እና «ኤምኤፍዩ ጎስት ሂትስ» ላይ ይቆጥራል። «ትንሽ ሰፊ ብሆን ኖሮ ይህን አገኘው ነበር» የሚል ቆጣሪ ነው። ሆስቱ ከተነሣ ጀምሮ የተጠራቀመ ስለሆነ ልዩነቱን ውሰድ። ጣሪያውን 32 አድርገህ፣ ባክአፕ ያለበትን ሌሊት ጨምሮ፣ አንድ ሳምንት መዝግብ። ከዚያ 16 አድርገህ ሌላ ሳምንት። አጠገቡ የሜሞሪ ፕሬዠር ፋይሉን (ፕሮሰሶች ሜሞሪ ሲጠብቁ የቆሙበትን ጊዜ የሚቆጥረውን) አስቀምጥ፤ «ፉል» (ሁሉም አንድ ላይ የቆሙበት) የሚለው መስመር በ32 ላይ ከዜሮ ከተነሣ ያንተ ክስ ጸና። ጎስቱ በ16 ላይ ካልጨመረ 16ቱን እቀበላለሁ።

ይገደብ ባይ፦ በ32 እንጀምር። ግን የጂፒዩው ቪኤም በሁለቱም ሳምንት ሰኞ ጠዋት ይብራ፤ እሱ ካልተነሣበት ሳምንት የሚወጣ ቁጥር አልቀበልም።