አፈሩን የት ደፋችሁት?

ባለፈው ሐሙስ አራት ኪሎ ማኪያቶ ስጠጣ አጠገቤ የተቀመጠ ጎልማሳ ስልኩ ጠራ። ሰንዳፋ ላይ ቤት ያስጀመረ ሰው ነው፤ የደወለለት ደግሞ ለመሠረት የተቆፈረውን ጥቁር አፈር ጭኖ የሚያራግፍበት የጠፋው ሾፌር። ሰውየው ከስኒው ቀና እንኳ ሳይል «እዚያ ወንዝ የለም እንዴ? ድፋው!» ብሎ ዘጋው። ወዲያው ወደ እኔ ዞሮ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ሰፈሩ ውኃ ከጠፋ አምስተኛ ቀኑ ነው።

ወገኖቼ፣ ሰውየውን ለብቻው አልገሥጸውም፤ ብዙዎቻችን ነን። እሑድ እሑድ ከደላላ ጋር ሱሉልታና ሰንዳፋ እንወጣለን፤ ሰኞ ፒያሳ ተመልሰን ስለ ውኃ ፈረቃ እናማርራለን። ለአዲስ አበባ ውኃ የሚሰጡት የለገዳዲና የድሬ ግድቦች የሚሞሉት ግን ከዚያው ከሰንዳፋ ዙሪያ ማሳና ግጦሽ በሚወርደው ዝናብ ነው። የደፋችሁት አፈር በክረምት ታጥቦ ግድቡ ውስጥ ይተኛል፤ አፈር በተኛበት ውኃ አይተኛም። ዋልካ፣ ማለት ያ የሚያጣብቅ ጥቁር አፈር፣ ሲሆን ይብሳል፤ ደቃቅ ስለሆነ በኬሚካል ካልተያዘ ቶሎ አይዘቅጥም። ስለዚህ ጀሪካን ይዛችሁ ስትሰለፉ ፈረቃውን ያወጣውን መሥሪያ ቤት ብቻ አትራገሙ።

ዋልካ ቤት እንደማይሸከም አውቃለሁ። በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል፣ ግድግዳ ይተረትራል። ግንበኛው ጠርጎ አውጥቶ ገረጋንቲ (ጠጠር የበዛበት ጠንካራ የመሙያ አፈር) ቢሞላበት ትክክል ነው። ነገር ግን ያ አፈር ትናንት ጤፍና ምስር ያበቅል ነበር። እኛ ወንዝ ውስጥ እንደፋዋለን፤ በዓመቱ ደግሞ ለግቢያችን ሣር «ለም አፈር» በመኪና እንገዛለን! የላዩን አፈር ለይታችሁ ጥግ ላይ ብትከምሩት፣ ቤቱ ሲያልቅ መልሳችሁ ብታለብሱት ምን ይጎድልባችኋል? ሾፌሩም ማራገፊያ ፍለጋ ከመንከራተት ይተርፋል።

ጨፌውንስ፣ ያን ክረምት ክረምት ውኃ የሚተኛበትን ሣራም መስክ? «ባዶ ቦታ» ነው የምንለው። ደላላው በመጋቢት ወስዶ ሲያሳያችሁ «በነሐሴ ውሰደኝ» በሉት። ጨፌ የክረምቱን ውኃ ይዞ በበጋ ለምንጭ ቀስ እያለ የሚለቅ ነው። በገረጋንቲ ስትደፍኑት ውኃው የትም አይጠፋም፤ ወይ የእናንተ ሳሎን ወይ የጎረቤት ገበሬ ማሳ ውስጥ ይገባል። ምንጩን በቆርቆሮ አጥር ከልሎ ለራስ ማስቀረትማ ነውር ነው፤ ከዚህ በላይ ቃል አላባክንበትም። ነባሩን ወይራና ጽድ ቆርጦ ዘንባባ መትከልም እንዲሁ።

ግቢውን ከአጥር እስከ አጥር በሲሚንቶ ስትለብጡ ዝናቡ የሚሰርግበት ታጣላችሁ። ጣሪያችሁንም እስቲ አስሉት፦ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የወረደ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ሊትር ውኃ ነው። በአዲስ አበባና ዙሪያዋ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል። 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ያለው ሰው በዓመት 100,000 ሊትር ያህል በአሸንዳ ለጎርፍ እየለቀቀ፣ ውኃ በቦቴ ያስመጣል። ለሴራሚክ ያወጣችሁትን ሩብ እንኳ ለውኃ ማጠራቀሚያ ታንከር አውጡ።

ያ ሰው ማኪያቶውን ሳይጨርስ ስልኩ እንደገና ጠራ። ሾፌሩ ነው። ወንዙ ዳር ከብት የሚያጠጡ ልጆች መኪናው ፊት ቆመው አላስደፋም ብለውታል።