ልጁ የለም

ባለፈው ማክሰኞ ደብረ ብርሃን ውስጥ አንድ ድርጅት በር ላይ ቆሜ ነበር። ስሙን አልጠራም። ከበሩ በላይ «የዲጂታል ሽግግራችን በብቁ የሰው ኃይል!» የሚል ባነር ተሰቅሏል። ከባነሩ ሥር ጋቢ የደረበ ዘበኛ ተቀምጧል። ገና አፌን ሳልከፍት «ልጁ የለም» አለኝ።

ልጁን ታውቁታላችሁ። ኮምፒውተር የሚችለው ልጅ። ብቁ የሰው ኃይል የተባለው እሱ ነው፤ ብቻውን። እንዴት ያለ ብልሃት ነው! ሃያ ሠራተኛ ከማሠልጠን አንዱን አድክሞ ሃያውን ማሳረፍ።

የመጣሁት ክፍያ ላረጋግጥ ነው። በቴሌብር ከፍያለሁ፤ ብሩም ወዲያው ደርሷቸዋል። ግን እንዲህ ቶሎ ያለቀ ነገር ምን ክብር አለው? ባለፈው ወር ወረቀቴን እግር በእግር ስለተከተልኩ መንገዱን አውቀዋለሁ። መልእክቱን ስክሪንሾት አነሳለሁ። ፊት ለፊት ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትማለሁ። ገንዘብ ያዧ በትልቁ መዝገብ ላይ በእስክሪብቶ ትገለብጠዋለች። ማህተም ያርፍበታል። ልጁ ስካን ያደርገዋል፤ ለኃላፊው በቴሌግራም ይልካል። ኃላፊው ስልክ ላይ ማንበብ ዓይናቸውን ያማቸዋል፤ «አትመህ አምጣልኝ» ይላሉ። ያትማል። «ወደ ሲስተም ይግባ» ብለው ይመሩበታል። እንደገና ስካን። ሲስተም የሚሉት ኤክሴል ነው። ኤክሴሉ በወር መጨረሻ ይታተምና መዝገቡ ላይ ይለጠፋል። መዝገቡ ሲሞላ ልጁ ገጽ በገጽ በስልኩ ፎቶ ያነሳዋል። ለመጠባበቂያ።

አንዲት መልእክት አራት ጊዜ ወረቀት ሆነች። ሽግግር እንዲህ ነው እንጂ! መሸጋገር ነው የተባለው፤ ወዴት እንደሆነ ማን ተናገረ?

ልጁ የ5 ሚሊዮን ኮደርስ ሥልጠናን ጨርሶ ሰርተፊኬት አለው። ሰርተፊኬቱ ታትሞ፣ ላሚኔት ተደርጎ ከግል ማህደሩ ጋር ተያይዟል። አንድ ቀን «ክፍያው ቀጥታ እንዲገባ ላድርገው፤ ሁለት ሳምንት ስጡኝ» ብሎ ነበር አሉ። «አንተ መጀመሪያ ፕሪንተሩን ሥራ» ተባለ። ስለ ሽግግሩ ስብሰባ ሲኖርም ይጠራል። ፕሮጀክተሩን ሰክቶ ይወጣል።

ደግሞ አትቸኩሉ። «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የተባለው ስትራቴጂ በ2012 ሲጸድቅ 2025ን የቆጠረው በፈረንጅ ነው። የኛዎቹ በሐበሻ ይዘውታል። ገና ጊዜ አለን። አፄ ዘርዓ ያዕቆብስ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ብርሃን ከሰማይ ሲወርድ አይተው አይደል ይህችን ከተማ የቆረቆሩት? ኔትወርኩም ይወርዳል።

ከጎኔ አንዲት እናት ቆመዋል። ከመሐል ሜዳ ነው የመጡት። አልጋ ተከራይተው፣ ይህን ብርድ ችለው፣ ሁለተኛ ቀናቸው ነው። «ልጁ የለም» ሲባሉ ደነገጡ። «ምነው፣ አመመው እንዴ?» አሉ።

እዚህ ላይ ሽሙጡ ይቅርብኝ። ለባነር ብር አላችሁ። ለኮምፒውተር፣ ለምረቃው ኬክ ብር አላችሁ። አጠገባችሁ የተቀመጠውን፣ ሥራውን የሚያውቀውን ልጅ ግን አንድ ቀን «እንዴት ብናደርገው ይሻላል?» ብላችሁ አልጠየቃችሁትም። የእኚህን እናት ሁለት ቀን ማን ይመልስላቸዋል? አታፍሩም?

ዘበኛውን ልጁ የት እንደሄደ ጠየቅኩት። ግራ ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«የኃላፊው ቤት ዲሽ ሊያስተካክል።»

እናትየው እፎይ አሉ። ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ደረጃው ላይ ተቀመጡ። «ደህና ከሆነስ እንጠብቀዋለን» አሉ። እኔም አጠገባቸው ተቀመጥኩ።