«ውሉን አሳየኝ» በሉት
በሐሰተኛ ዕዳ በስልክ ስለሚያጭበረብሩ ሰዎች የወጣው ጽሑፍ «ዕዳ አለብህ ብሎ የማታውቀው ሰው ከደወለ ስልኩን ዝጋ» ይላል። ጥሩ ምክር ነው፤ ግን ብዙ ሰው የሚደነግጠው የሆነ ቦታ እውነተኛ ብድር ስላለበት ነው። ከቴሌብር መላ (በስልክ ከሚሰጠው የቴሌብር አነስተኛ ብድር) የተበደረ ሰው «ዛሬ ካልከፈልክ ሒሳብህ ይታገዳል» ሲባል እንዴት አያምን? እንዲህ ከሆነ *127# ደውላችሁ ወይም መተግበሪያውን ከፍታችሁ ዕዳውን ራሳችሁ እዩ። የሚስጥር ቁጥር ለጠየቀ ግን መልስም አይገባውም።

ልደታ ፍርድ ቤት አጠገብ ማመልከቻ ስለምጽፍ፣ «ከፍርድ ቤት ነው የምንደውለው» ተብለው የሚመጡ አያለሁ። ፍርድ ቤት በግለሰብ ሒሳብ ገንዘብ አስገቡ አይልም! ክስ ካለ የመዝገብ ቁጥር አለ፤ ቁጥሩን ተቀብሎ የፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት (ሬጅስትራር) ጋ ማጣራት ነው።

የባሰው «የዘመድህ ዋስ ነህ» የሚሉት ነው፤ ይሉኝታችንን ያውቁታላ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1922 መሠረት ከፍተኛው የገንዘብ መጠን ያልተገለጸበት ዋስትና አይጸናም። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድርም በጽሑፍ፣ በፍርድ ቤት በተሰጠ የእምነት ቃል ወይም በመሐላ እንጂ በምስክር አይረጋገጥም (ቁጥር 2472)። ስለዚህ «ውሉን አሳየኝ» በሉት። አጭበርባሪ ከሆነ ወዲያው መጮህ ይጀምራል።

ገንዘቡ ከሄደ ደግሞ ቶሎ ለባንካችሁ ደውሉ። በንዴት አጭበርባሪው የላከውን መልእክት የሚያጠፉ አሉ፤ አታጥፉት፣ ፖሊስ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።