ማስተካከያ፦ ስለ ስኮትላንድ ኪልት የጻፍኩት ላይ

ባለፈው ስለ ኪልት፣ ማለትም ስለ ስኮትላንድ ወንዶች ባህላዊ ቀሚስ፣ ስጽፍ የተሳሳትኩት ነገር ስላለ ላርመው። እያንዳንዱ ጎሳ ከጥንት ጀምሮ የራሱ ታርታን (ኪልት የሚሠራበት ባለ ቀለም መስመር ጨርቅ) አለው፣ ጥለቱን አይቶ የሰውየውን ዘር ማወቅ ይቻላል ብዬ ነበር። ስህተት ነው። ጨርቁ ራሱ በእርግጥ የቆየ ነው። ይሄኛው ጥለት የእነ እገሌ፣ ያኛው የእነ እገሌ ተብሎ የተደለደለው ግን በአብዛኛው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው፤ በተለይ በ1822 (እ.ኤ.አ.) ንጉሥ ጆርጅ አራተኛ ኤድንብራን ሲጎበኝ ደራሲው ዋልተር ስኮት አቀባበሉን በታርታን ካደመቀው በኋላ ነገሩ በጣም ተስፋፋ። ይህን ስል ግን ባህሉ የውሸት ነው ማለቴ አይደለም። ሰው ሁለት መቶ ዓመት ሲሰረግበትና ሲቀበርበት የኖረ ልብስ የራሱ ነው።

ኪልትና ታርታን እንዳይለበስ የከለከለው የ1746ቱ (እ.ኤ.አ.) እገዳ ሁሉንም ሰው ይመለከት ነበር ያልኩትም ልክ አይደለም። ሕጉ የከለከለው ወንዶችን ነው፣ በሠራዊቱ ውስጥ ያሉት ደግሞ ይለብሱ ነበር። በ1782 ተሽሯል።

ከሁሉ የቆጨኝ ርዕሱ ላይ «የእንግሊዞች ቀሚስ» ማለቴ ነው። እኛ አገር መላውን ብሪታንያ እንግሊዝ ማለት ለምደናል፣ ለስኮትላንዳዊ ግን ይህ ቀላል ስህተት አይደለም። ስኮትላንድና እንግሊዝ በ1707 የተዋሃዱ ሁለት መንግሥታት ናቸው። የስኮትላንድ ሕግና ፍርድ ቤት ዛሬም ለብቻው ነው። በ2014ቱ (እ.ኤ.አ.) ሕዝበ ውሳኔ 55 በመቶ ያህሉ ከብሪታንያ አንገነጠልም ቢሉም፣ እንግሊዝ ነን ማለታቸው አልነበረም። ርዕሱን ቀይሬዋለሁ፤ ያነበባችሁትን ሁሉ ይቅርታ እጠይቃለሁ።