ይድረስ በመንጋጋዬ መሐል ለተሰነቀሩት የሥጋ ክር

ቁጥር፦ 36/37
ለክቡር የሥጋ ክር
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ይዞታዎን በአስቸኳይ እንዲለቁ ስለማሳሰብ

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን አሉ? የኔን አይጠይቁኝ። ትናንት ምሳ ላይ ከቁርጥ ሳህን ተነሥተው፣ አዋዜ ነክተው ወደ አፌ ሲገቡ ውላችን ግልጽ ነበር፤ ይታኘካሉ፣ ይዋጣሉ፣ መንገድዎን ይቀጥላሉ። ጓደኞችዎ ሁሉ ቃላቸውን ጠብቀው ወርደዋል። እርስዎ ግን በታችኛው ረድፍ በግራ በኩል፣ የጥርስ ሐኪሞች 36 እና 37 በሚሏቸው ሁለት መንጋጋዎች መሐል ጎጆ ቀለሱ። ያለ ካርታ፣ ያለ ሊዝ።

ሰው “ጥርስ ውስጥ ገባሁ” ሲል የሚጠመደው የገባው ይመስለኝ ነበር። እርስዎ ጥርሴ ውስጥ ገብተው ያጠመዱት እኔን ነው።

ሳያስለኩ የሰፈሩ ነዎትና ወሰንዎን ልንገርዎ። ከራስዎ በላይ ሁለቱ ጥርሶች ጎን ለጎን የሚነካኩበት ቦታ አለ። ያ ቦታ ጥብቅ ሲሆን እንደ እርስዎ ያለው በቀላሉ አያልፍም። የኔ 36 ግን ጎኑ ተበልቶ ካስሞላሁት ወዲህ ሙሌቱ ከጎረቤቱ ጋር አልገጠመም። የሞሉልኝ ሰውዬ “ይለመዳል” ብለውኝ ነበር። እውነታቸውን ነው፤ እርስዎ ለመዱት።

ግራና ቀኝ የተደገፉት ነጭ ግድግዳ ኢናሜል ነው። ከሰው አካል እንደሱ ጠንካራ የለም፤ ከክብደቱ ከመቶ 96ቱ ማዕድን ነው። ነርቭ ስለሌለው ቢደገፉት አይሰማውም። የተቀመጡባት ትራስ ግን ድዴ ናት፤ የሁለቱን ጥርሶች ክፍተት ከሥር እንደ ድንኳን ጫፍ ሾላ ብላ የምትሞላዋ። ሌሊቱን እሷን ሲረግጡ አደሩ። ጠዋት በመስታወት ባያት ቀልታ አብጣለች፤ ገና ጫፏን ስነካት ደማች።

የገረመኝስ ሌላ ነው። ውፍረትዎ ከፀጉር ብዙም አይበልጥም፤ እኔን የሚሰማኝ ግን ግንድ የተጋደመብኝ ያህል ነው። ለካ ጥርስ አጥንት ላይ እንደ ሚስማር የተመታ አይደለም! በሥሩና በመንጋጋው አጥንት መካከል 0.2 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ስስ ጅማት አለ። እልፍ ክሮቹ አንዱን ጫፍ ሥሩ ላይ፣ ሌላውን አጥንቱ ላይ ቀብረው ጥርሱን አንጠልጥለው ይይዙታል። የጠፍር አልጋ በሉት። በጠፍሩ ውስጥ ነርቮች አድፍጠዋል፤ ስንነክስ በላይና በታች ጥርስ መሐል ከፀጉር የቀጠነ ነገር ቢገባ እንኳ ይነቃሉ። ቆሎ ስንቆረጥም ጠጠሯን የሚያስታውቁን እነሱ ናቸው። እርስዎ ደግሞ ሁለቱን ጎረቤታሞች ገፋ ገፋ አድርገው ስለገቡ፣ ሁለቱም አልጋቸው ላይ ተንጋደው እንቅልፍ አጥተዋል። እኔም አብሬ።

እርስዎን ለማስለቀቅ የተሰማራው የመጀመሪያው ኃይል ምላሴ ነበር። ትናንት ማታ ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ከውስጥ ሲታገልዎት፣ ጉንጬ እየተወጠረ አገጬ ይጣመማል። ፊት ለፊቴ ያሉ እናት አይተው አይተው አዘኑልኝና፣ “ልጄ፣ አታፍነው፤ አውጣው!” አሉኝ። እሱማ መች ወጣልኝ፣ እማማ?

ቤት ስገባ ስቴኪኒ አነሣሁ። ጫፉ ውስጥ ተሰብሮ ቀረ፤ ደባል አመጣሁልዎት። ቀጥሎ የክብሪት እንጨት ቀረጽኩ። ከዚያ (ለማንም አይንገሩ) የሲም ካርድ ጠርዝ ሞከርኩ። ድድና ጥርስ በሚገናኙበት ዙሪያ፣ ድዱ ጤነኛ ሲሆን ከ3 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ስርጉድ አለ። እኔ ላወጣዎት ስወጋጋ ወደዚያ እየነዳሁ ሳስገባዎት አመሸሁ። ድዷን ያቆሰላት ማን እንደሆነ ቢጣራ ግማሹ ጥፋት የኔ ሳይሆን አይቀርም፤ ይህን ግን ፍርድ ቤት አልደግመውም።

እዚያው ከከረሙ ባክቴሪያው ይሰበሰብልዎታል፤ ሽታው ይከተላል፤ የድዱ ቁጣ ውሎ አድሮ ጥርሱን ያቀፈውን አጥንት ወደ ታች ያሸሸዋል። አጥንቱ ደግሞ አንዴ ከሸሸ በራሱ አይመለስም። ሰው ጥርሱ ሲቦረቦር ይደነግጣል እንጂ፣ ምንም ያልተቦረቦረ ጥርስ መሬቱ ከሥሩ ተሸርሽሮ ሲነቃነቅ ማን ልብ ይላል?

ስለዚህ ዛሬ ማታ ከፋርማሲ የጥርስ ክር ገዝቼ እመጣለሁ። እናቴ ከነጠላዋ ጫፍ አንድ ክር መዛ፣ በሁለት እጇ ጣቶች ወጥራ፣ ወዲያ ወዲህ እያለች የእርስዎን ዘመዶች ስታወጣ አይቻለሁ። ያኔ የሠለጠንኩ መስሎኝ ስቄባታለሁ። አሁን ያንኑ በገንዘቤ ልገዛው ነው።

ከሰላምታ ጋር፣
የአፉ ባለቤት

ግልባጭ፦
ለምላስ፦ ተከሳሹ ከለቀቁ በኋላ ባዶውን ቦታ እየሄደ መጎብኘቱን እንዲተው
ለስቴኪኒ፦ ከሥራ መታገዱን እንዲያውቅ
ለ36 ሙሌት፦ ጉዳይህ በቀጠሮ ይታያል
ለእሁድ ቁርጥ ባልደረቦቼ፦ የኔ ድርሻ ከሽንጥ ይሁን፤ ጅማት እንዳይኖረው ቆራጩ ይነገርልኝ