ዛራ በገዛ በዓሏ እንግዳ የሆነችበት ፊልም

“ቪር-ዛራ” በተሰኘው የሕንድ ፊልም ውስጥ ደጋግሜ የምመለስበት አንድ ትዕይንት አለ። የመንደሩ ሰው ማታ እሳት አንድዶ ይጨፍራል። አባወራው ባውጂ፣ አሚታብ ባቻን ማለት ነው፣ ከሚስቱ ከሄማ ማሊኒ ጋር በዘፈን ይጎነታተላል። ከፓኪስታኗ ላሆር የመጣችው ዛራም በደስታ ትቀላቀላቸዋለች። በዓሉ ሎህሪ ይባላል፤ ሕንድና ፓኪስታን የተካፈሏት የፑንጃብ ሰው በየዓመቱ ጃንዋሪ 13 ብርዱን የሚሸኝበት ነው። እሳቱ ላይ ሰሊጥ፣ ኦቾሎኒ፣ ፈንዲሻና ከሸንኮራ አገዳ የሚሠራ ጥቁር ስኳር ይበተናል። ችቦና ደመራ እያየ ያደገ ሰው ይህን ደስታ ለመረዳት አስረጂ አያሻውም።

ትዕይንቱን እወደዋለሁ። በፊልሙ ላይ ያለኝ ቅሬታም የሚነሳው ከዚሁ ትዕይንት ነው።

ፊልሙን ላላዩ ባጭሩ ልንገር (ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ያሽ ቾፕራ አዘጋጅቶት በኖቬምበር 2004 ለእይታ በቃ። ቪር፣ ሻህሩክ ካን፣ በባውጂ ቤት ያደገ የሕንድ አየር ኃይል የነፍስ አድን አብራሪ ነው። ዛራ፣ ፕሪቲ ዚንታ፣ የላሆር ፖለቲከኛ ልጅ ናት። ያሳደገቻት የሲክ እምነት ተከታይ አሮጊት ስትሞት፣ አመዷ ሕንድ ውስጥ ኪራትፑር በሱትሌጅ ወንዝ እንዲበተን ትናዘዛለች። ዛራ አደራዋን ለመወጣት ብቻዋን ድንበር ትሻገራለች፤ በመንገድ ላይ አውቶቡሱ አደጋ ሲደርስበት ደርሶ የሚያወጣት ቪር ነው። ይዋደዳሉ። ቪር እሷን ፍለጋ ላሆር ሲሄድ በሐሰት ተወንጅሎ ይታሰራል፤ የዛራን ክብር ላለመንካት ሲል የሰው ስም ተሸክሞ 22 ዓመት እስር ቤት ይቀመጣል። በመጨረሻ ነፃ የምታወጣው አንዲት ወጣት ፓኪስታናዊት ጠበቃ ናት።

በ2004 ሕንድና ፓኪስታንን እንዲህ አድርጎ ማቀራረብ ቀላል ነገር አልነበረም። ሁለቱ አገሮች ካርጊል ላይ ከተዋጉ ገና አምስት ዓመታቸው ነበር። በዚያ ዘመን ድንበር የተመለከተ የሕንድ ፊልም ሲሠራ ጎረቤቱ ጠላት ሆኖ መቅረቡ የተለመደ ነው። እዚህ ግን ፓኪስታናዊቷ ጠበቃ ጀግና ናት፤ የዛራ እናት ደግ ናት፤ ቪርም ፓኪስታንን አንድም ክፉ ቃል አይናገራትም። ቾፕራ ራሱ በ1932 የተወለደው ላሆር ነው። ገና 15 ዓመት ሳይሞላው፣ በኦገስት 1947፣ ከዚያ በፊት ሕንድን ረግጦ የማያውቅ ሲሪል ራድክሊፍ የሚባል እንግሊዛዊ የሕግ ሰው በአምስት ሳምንት ገደማ ባሰመረው መስመር ፑንጃብ ለሁለት ተቀደደች። ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ከቀዬው ተነቀለ፣ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ። ላሆርና አምሪትሳር 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ እየተራራቁ የሁለት አገር ከተሞች ሆኑ። እንዲህ ያለውን ቁስል ተሸክሞ የፍቅር ፊልም የሠራን ሰው አከብረዋለሁ።

ግን ወደ እሳቱ ልመለስ። በሎህሪ ሌሊት ልጆች በየቤቱ እየዞሩ የሚዘፍኑት የቆየ ዘፈን አለ፤ የሚወደስበትም ዱላ ባቲ የሚባል ሰው ነው። ዱላ ባቲ በአጼ አክባር ዘመን የሸፈተ ሙስሊም ነበር። አፈ ታሪኩ እንደሚለው ጉልበተኞች ሊወስዷቸው የነበሩ የሂንዱ ልጃገረዶችን አስጥሎ፣ እንደ አባት ሆኖ ዳራቸው፤ ለጥሎሽ የሚሰጠው ቢያጣ ስኳር ቋጥሮ ሰጣቸው። አገሩ ፒንዲ ባቲያን ነው፣ ዛሬ ፓኪስታን ውስጥ። በ1599 የተሰቀለው ላሆር ላይ ነው። መቃብሩም እዚያው፣ ሚያኒ ሳሂብ መካነ መቃብር ነው። ሂንዱውና ሲኩ በየዓመቱ እሳት ዙሪያ የሚያወድሱት ጀግና የዛራ ከተማ አፈር ውስጥ ነው ያለው።

ፊልሙ ይህን ሁሉ ትቶ ዛራን ከሩቅ አገር እንደ መጣች እንግዳ ያስተናግዳታል። እሷ ታያለች፣ ትደነቃለች፣ ትማራለች። ቪር አገሩን ያስጎበኛታል። “ዱላ እኮ የኛ ከተማ ሰው ነው” የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ብትናገር ኖሮ እሳቱ የሁለቱም ይሆን ነበር። ያቺ ዓረፍተ ነገር ፊልሙ ውስጥ የለችም።

ነገሩ የአንድ ትዕይንት ጉድለት ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩ። ፊልሙ ንብረት እንደሚካፈል ወራሽ ሁሉን ነገር ለሁለት ከፍሎታል። ለሕንድ ወገን የሰናፍጭ አበባ ያጠለቀው ማሳ፣ ላሲ የሚባለው የእርጎ መጠጥ፣ ጭፈራው፣ ተጫዋቹ ሽማግሌ፣ እጇ የማያርፍ እናት ደርሰዋቸዋል። ለላሆር ወገን ደግሞ ትልልቅ አዳራሽ፣ የሐር ልብስ፣ ፖለቲካ፣ የቅዱሳን መቃብር ላይ የሚዜም መንፈሳዊ ዜማ። ሁለቱም ያምራሉ። ነገር ግን ፑንጃብ ዋጋህ በሚባለው የድንበር ኬላ ላይ የምታልቅ ይመስላል። ማሳው፣ ላሲውና ጭፈራው በላሆር ዙሪያ ባሉ መንደሮችም አለ፤ ከጥንታዊቷ ፑንጃብ ሰፊው ክፍል የደረሰው ለፓኪስታን ነው። ፊልሙ ግን አንድ የፓኪስታን ገበሬ ቤት እንኳ ወስዶ አያስገባንም።

የሚቆጨኝ ፊልሙ እውነቱን ማወቁ ነው። ፍርድ ቤት ውስጥ ቪር ከእስር ቤት ሆኖ የጻፈውን ግጥም ያነባል። የዚህ አገር አፈር የባውጂን ማሳ ይሸተኛል፣ ፀሐዩ የእናቴን ቀዝቃዛ ላሲ ያስታውሰኛል ይላል። 22 ዓመት በፍርግርግ ያየው ሰማይ የሰፈሩ ሰማይ ሆኖበታል። ዛራም ቀደም ብሎ በዘፈን፣ ያንተ አገር ልክ እንደኔ አገር ነው ትለዋለች። ቃሉ አለ እንግዲህ። ካሜራው ግን ቃሉን ተከትሎ አልሄደም። በጆሯችን “አንድ ናቸው” እየተባልን በዓይናችን ሁለት ዓለም እናያለን፤ ተመልካች ደግሞ ከሰማው ይልቅ ያየው ነው የሚቀረው።

የቋንቋው ጉዳይም አለ። ያረጀው የባውጂ መንደር የሚናገረው ፑንጃቢ ጣል ጣል የተደረገበትን ሂንዲ ነው። የዛራ ቤተሰብ የሚናገረው የተጣራ ኡርዱ ነው። ለሁለቱም ወገን አያት ቅድመ አያት የጋራ የሆነው ፑንጃቢ በሁለቱም ቤት ጌጥ ሆኖ ቀርቷል። የጎጃም ገበሬ በፊልም ቀርቦ እንደ ዜና አንባቢ ቢናገር ምን እንደሚሰማን እናውቃለን። የሕንድን ፊልም በአማርኛ ትርጉም የምናይ ሰዎች ደግሞ ይቺን ልዩነት ጭራሽ አናገኛትም፤ ባውጂም፣ የዛራ አባትም፣ ዳኛውም በአንድ አማርኛ ይናገራሉ። በዓይናችን የምናየው ብቻ ስለሚቀረን የምስሉ ክፍፍል እኛ ላይ ይበረታል።

ለፊልሙ ፍርድ ላለማጓደል፣ የላሆር ባለጸጋ ቤተሰቦች ቤታቸው ውስጥ ኡርዱ መምረጣቸው የታወቀ ነው። ፑንጃቢ በፓኪስታን ብዙ ሕዝብ አፉን የፈታበት ቋንቋ ሆኖ ሳለ በትምህርት ቤትና በቢሮ የሚገባውን ቦታ አላገኘም። ስለዚህ የዛራ አባት ኡርዱ ቢናገር ውሸት አይደለም። ግን ቤቱ ውስጥ አሽከር አለ፣ ምግብ አብሳይ አለ፣ ሾፌር አለ። ዛራን ከፑንጃብ ጋር የምታገናኛት ሲክ ሞግዚቷ ብቻ ከሆነች፣ ሙስሊሙ ፑንጃቢነቱን ጥሎታል እንደ ማለት ይሆናል። ይህ አልገባኝም፤ ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ የፑንጃብ አፍቃሪዎች ሁሉ የሚያለቅሱለትን የሂርና የራንጃን ታሪክ በዚያ ቋንቋ የጻፈው ዋሪስ ሻህ ሙስሊም ነው።

ስለ ሕንዱ ፑንጃብም ቢሆን ሥዕሉ ከልክ በላይ ጸድቷል። ከ2004 ላይ 22 ዓመት ብንቀንስ ፍቅራቸው የተጀመረው በ1982 ግድም ነው። ዛራ ቪር የሞተ መስሏት፣ እጮኛዋን ትታ የቪር መንደር ገብታ ልጃገረዶችን ስታስተምር የኖረችው በእነዚያ ዓመታት ነው። በጁን 1984 የሕንድ ጦር አምሪትሳር ያለውን የሲኮች ቅዱስ ስፍራ፣ ወርቃማውን ቤተ መቅደስ፣ ገባ፤ በኖቬምበር ዴልሂ ውስጥ ሲኮች በየመንገዱ ተጨፈጨፉ፤ ከዚያም እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ፑንጃብ በታጣቂና በፖሊስ መካከል ደም ሲፈስባት ቆየ። የባውጂ መንደር አንዱንም አልሰማም። የፍቅር ፊልም ሁሉን ይንገረን አልልም፤ 22 ዓመት የታሪኩ ዋና ምሰሶ ሲሆን ግን የእነዚያ ዓመታት ጭስ ከሩቅ እንኳ አለመታየቱ ይከብደኛል።

አንዲት ነገር ግን ፊልሙ በትክክል ነክቷል። ዛራ ባውጂን ስለ ሴቶች ልጆች ትምህርት ትሞግተዋለች፣ እሱም ይሰማታል። በ2001 የሕንድ ቆጠራ መሠረት በፑንጃብ ግዛት እስከ ስድስት ዓመት ላሉ 1000 ወንዶች የነበሩት ሴቶች 798 ብቻ ናቸው። ሴት ፅንስ እየተመረጠ ይወርድ ነበር። በዚያ ምድር ባማረ ማሳ መካከል ቆማ ስለ ልጃገረዶች የምትጠይቅ ሴት ማሳየት ቁም ነገር ነው። ጠያቂዋ ከወዲያ ማዶ የመጣች መሆኗ ደግሞ የበለጠ ልቤን ነካው።

የሚያሳዝነው፣ በወጣበት ጊዜ የላሆር ሰው ፊልሙን ሲኒማ ቤት ገብቶ ማየት አልቻለም፤ ከ1965ቱ ጦርነት በኋላ ፓኪስታን የሕንድ ፊልም ከልክላ ነበር።

በኖቬምበር 2019 የካርታርፑር መተላለፊያ ተከፈተ። የሕንድ ሲኮች ያለ ቪዛ ከድንበሩ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወደ ፓኪስታን ገብተው የእምነታቸውን መሥራች የጉሩ ናናክን የመጨረሻ ማረፊያ መሳለም ቻሉ። በጃንዋሪ 2022 እዚያ ቅጥር ግቢ ውስጥ ሁለት ሽማግሌዎች ተገናኙ፤ በ1947 የተለያዩ ወንድማማቾች፣ አንዱ በሕንድ፣ አንዱ በፓኪስታን ፑንጃብ ያረጁ። በቪዲዮው አንገት ለአንገት ተያይዘው ሲያለቅሱ ይታያሉ። የሚነጋገሩትም በፑንጃቢ ነው፣ ሰባ አራት ዓመት ተለያይተው አንዱ ያንዱን ቃል አልሳተም።